አሮጌውን ከተማ ፍለጋ

ንጉሥ ምኒልክ የጠፋ ከተማ ይፈልጉ ነበር።

ከግራኝ አሕመድ ዘመቻ በፊት የነበሩ ነገሥታት ከሸዋ ተራሮች በአንዱ ላይ ታላቅ መናገሻ ነበራቸው የሚል ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። አንዱ ሽማግሌ የዐፄ ዳዊት ነው ሲል፣ ሌላው የለም፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ነው ብሎ ይከራከራል። ቦታውን ጣቱን ቀስሮ የሚያሳይ ግን ጠፋ። ጦርነቱ ካለፈ ሦስት መቶ ዓመት ተቆጥሯል፤ ድንጋዩን ሣር ውጦታል። ለምኒልክ ነገሩ የማታ ተረት ብቻ አልነበረም። ያኔ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም፤ የጥንቶቹን ነገሥታት ከተማ ያገኘ ሰው ደግሞ ወራሽነቱን በድንጋይ አስመሰከረ ማለት ነው።

መናገሻቸው አልረጋ ብሎ ነበር። ከአንኮበር ተነሥተው ልቼ ገቡ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ወጨጫ ተራራ ላይ ሰፈሩ። ወጨጫም አላረካቸውም። በ1870ዎቹ ውስጥ ከወጨጫ ማዶ፣ በእንጦጦ ጫፍ ላይ የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ አለ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ወጥተው አዩ። ድንጋዩ እውነትም እዚያ ነበር።

ከተማው ተገኘ ተባለ። ድንኳኑ ተተከለ፣ አዳራሹ ተሠራ፤ የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናትም ቆሙ። የዘመናት እንቆቅልሽ የተፈታ መሰለ። ችግሩ የታወቀው ሌሊቱ ሲመጣ ነው።

እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ጠላት ከሩቅ ይታይበታል፤ ለምሽግ የሚያህለው የለም። ለመኖር ግን ሌላ ነገር ነው። ነፋሱ ከአራቱም ማዕዘን ይገባል። በክረምት ጉሙ ድንኳኑን ጠቅልሎ ይይዛል፣ መብረቁ ጎረቤት ይመስል ደጅ ላይ ይወርዳል። ውኃ ከሸለቆው ተቀድቶ በእንስራ ይወጣል። እህሉም ሌላውም ጭነት ሁሉ ዳገቱን መውጣት አለበት። ያለ እሳት አይታደርምና በየዕለቱ ዛፍ ይቆረጣል፤ ደኑ ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ሄደ። የጥንቶቹ ነገሥታት ይህን ብርድ እንዴት ቻሉት ብሎ በልቡ ያልጠየቀ አሽከር የነበረ አይመስለኝም። ንጉሡ ግን ያገኙትን ከተማ ሊለቁት አልፈለጉም።

በዚያ ብርድ ውስጥ ከሰፈሩት መካከል ከሰሜን አገር የመጡ አንዲት እመቤት ነበሩ። ጣይቱ ብጡል ይባላሉ። እቴጌነቱ ገና አልመጣም፤ ወይዘሮ ጣይቱ ነበሩ። ንጉሡን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል፣ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው ነው። ግእዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሴት ናቸው። ከዚያ ጋብቻ በፊት ያለፈባቸው ብዙ ነው፤ ሌሎች ባሎችም ነበሯቸው።

የቤተሰባቸውን ታሪክ ሳያውቁ ከዚህ በኋላ ያደረጉትን መረዳት ያስቸግራል። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። ውቤ ከስሜን እስከ ትግራይ ገዝተዋል፤ ለመንገሥም አስበው ደረስጌ ማርያምን አሠርተዋል። በ1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸው። ድል ከመቱ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ በዚያው ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ ደግሞ ኋላ የዚሁ የቴዎድሮስ ሚስት ሆኑ፤ ዐለማየሁን ወለዱ። መቅደላ ሲወድቅ በእንግሊዞች እጅ ወደ ባሕሩ ሲጓዙ በመንገድ ሞቱ፤ ልጃቸውም በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር አርፎ እዚያው ቀረ። የንጉሥ ሚስት መሆን ምን እንደሚያስከፍል ጣይቱ ከአጎታቸው ልጅ ዕጣ ያውቁታል። ፍርስራሽም አዲስ አልሆነባቸውም። የእንጦጦው ድንጋይ የምኒልክን ልብ ያዘለለውን ያህል የእርሳቸውን ያላዘለለው ለዚህ ይሆናል።

ከተራራው ሥር፣ ሜዳው ላይ፣ እሳት ሳይነድ የሚጨስ ቦታ ነበር።

የአካባቢው ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉታል፤ እየተፈናጠረ የሚፈልቀው የውኃው ድምፅ ራሱ በስሙ ውስጥ ይሰማል። ጉለሌ፣ ገላን፣ ኤካ የሚባሉት ጎሣዎች በዙሪያው ይኖራሉ። እረኞች ከብታቸውን ነድተው ሆራውን ያጠጣሉ፤ ማዕድን ያለበትን ውኃ ከብት ይወደዋል። እንግዲህ ይህን ፍልውኃ ጣይቱ አገኙት የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። እረኛው ያውቀዋል፤ ላሚቱም መንገዱን ሳትነዳ ታውቀዋለች። ጣይቱ ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እስኪያገኙም ዳገቱን ብዙ ጊዜ ወጥተው ወርደዋል።

የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ቁርጥማቱ ሲበረታባቸው ከእንጦጦ ወርደው እዚያ ይታጠቡ ነበር። ድንኳን ይተከላል፣ ጥቂት ቀን ይታረፋል፣ የተሳሰረው ጉልበት ይፈታል። ከዚያ ድንኳኑ ይነቀልና ሁሉም ወደ ብርዱ ይመለሳል። ወርዶ መዳን፣ ወጥቶ መታመም፤ እንዲህ እየተባለ ኖረ። ከታች የሚያድን ውኃ እያለ ላይ ወጥቶ መኖር ለምን አስፈለገ ብሎ በግልጽ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቢኖርም መልሱ የታወቀ ነው፦ የነገሥታቱ ከተማ ያለው ላይ ነዋ።

ኅዳር 1879 ዓ.ም. ገባ። ንጉሡ ወደ ሐረር ለመዝመት እየተሰናዱ ነበር፤ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ፍልውኃ ወረዱ። ክረምቱ ካለፈ ብዙም አልቆየም፤ ሜዳው ገና ልምላሜው አልለቀቀውም። ጣይቱ ከድንኳናቸው ደጅ ሆነው አገሩን ቃኙት። ከፊታቸው ለጥ ያለ መስክ፣ ከጀርባቸው ነፋሱን የሚከልል ተራራ፣ ከአጠገባቸው ሞቆ የሚፈልቅ ውኃ። እዚህ ቤት መሥሪያ ቦታ ይስጡኝ ብለው ባላቸውን ጠየቁ።

ልመናው ትንሽ ይመስላል። ከተማ ይዛወር አላሉም፤ መናገሻ ይለወጥ አላሉም። አንድ ቤት ብቻ ነው። በዚያች አንዲት ቤት ውስጥ ምን እንደተጠቀለለ ምኒልክ ያኔ ገብቷቸው ከሆነ በጣም ብልህ ነበሩ፤ ካልገባቸው ደግሞ ብልኋ ሌላ ናቸው።

ንጉሡ እሺ አሉ። እሺታቸውን ያቀለለው የቆየ ቃል እንደሆነ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ አቆይተውልናል። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚሁ መስክ ላይ ሳሉ፣ አንድ ቀን የልጅ ልጄ ቤት ይሠራብሃል ብለው ተናግረውለት ነበር ይባላል። ስለዚህ የባለቤታቸው ጥያቄ የትንቢት መፈጸሚያም ሆነላቸው። ቦታው ተሰጠ። ንጉሡ ጦራቸውን አስከትተው ወደ ምሥራቅ ገሠገሡ፤ ጣይቱ ቀሩ። ምኒልክ ከዘመቻ ሲመለሱ ምን ይጠብቃቸው ይሆን?

እዚህ ላይ ዕድል ከጣይቱ ጋር ቆመ። ንጉሡ ባይዘምቱ ኖሮ ድንኳኑ እንደ ልማዱ በሳምንቱ ይነቀል ነበር። ዘመቻው ግን ወራት ወሰደ። ጨለንቆ ላይ ጦርነቱ ሆነ፣ አሚር አብዱላሂ ተሸነፉ፣ ሐረር ተያዘች፣ አስተዳዳሪ ተሾመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፍልውኃ አጠገብ እንጨት ይፈለጣል፣ ማገር ይታሠራል፣ ጭቃ ይረገጣል። እመቤቲቱ ቤት ሲሠሩ መኳንንቱ ቆመው አያዩም፤ እነሱም በዙሪያው ጎጇቸውን ቀለሱ። ብርድ የሰለቸው ሰው ምክንያት ይፈልጋል እንጂ ትእዛዝ አይጠብቅም።

ጣይቱ ለቦታው ስም አወጡለት፤ አዲስ አበባ። አበባው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ አንዱ የግራር አበባ ነው ይላል፣ ሌላው ሌላ። እኔን ግን የሚገርመኝ ፊተኛው ቃል ነው። ባላቸው ዕድሜያቸውን አሮጌ ከተማ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ እርሳቸው በአንዲት ኅዳር አዲስ ብለው ጠሩት። ለእረኛው ደግሞ ቦታው ድሮም ስም ነበረው፤ ፊንፊኔ ነው። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ በዚያ ስም ይጠሩት የነበሩት ሰዎች ከመሬታቸው እየተገፉ ወጡ፤ የሁለቱ ስሞች ክርክርም እስከ ዘመናችን ዘለቀ።

ንጉሡ ተመለሱ፤ መንደሩን አዩ። እንጦጦን ግን አልተዉም። ዓመታት በሁለት ልብ አለፉ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ዘውዱን የጫኑት እላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው፤ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው እቴጌ ተባሉ። ያ ዘመን ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን ነበር፤ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ረኃብ ሰውን ፈጀ፣ ግንባታ የሚታሰብ አልነበረም። ሆኖም ከፍልውኃ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ግቢው ቀስ በቀስ ተተከለ፤ ዛሬ ካዛንቺስን ቁልቁል የሚያየው ታላቁ ቤተ መንግሥት የቆመበት ኮረብታ ማለት ነው። አዋጅ ሳይነገር፣ መለከት ሳይነፋ፣ አገሪቱ ከተራራ ወረደች።

እቴጌይቱ ውኃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያውቁ ሴት መሆናቸው በሌላም ቦታ ታይቷል። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ዘመቻ መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ አልደፈር ሲል፣ ከምሽጉ ውጭ ያለውን ምንጭ ያዙት ብለው የመከሩት እርሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ከአጥር ውስጥ ያለው ወታደር ተጠማ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ታግሎ ምሽጉን ለቀቀ። መድፍ ያልከፈተውን በር ጥም ከፈተው።

ከድሉ በኋላ የአዲስ አበባ ነገር ያበቃለት መሰለ። የውጭ መንግሥታት ተወካዮቻቸውን ላኩ፣ ቦታ ተሰጣቸው፣ ቤት መሥራት ጀመሩ። ያኔ ነው የድሮው ጠላት ተራራውን ወርዶ የመጣው።

እንጨት አለቀ።

ከተማው ሰው በሰው ሆኗል፤ ሁሉም ያበስላል፣ ሁሉም ይሞቃል፣ ሁሉም ጎጆ ይሠራል። ማገዶ ለቃሚው በየቀኑ እየራቀ ሄደ። የቀድሞዎቹ መናገሻዎች በሽታቸው ይኸው ነበር፤ ደን ይበላሉ፣ ደኑ ሲያልቅ ነገሥታቱ ድንኳን ነቅለው ይሄዳሉ። አሁንም ምኒልክ ሊሄዱ ተነሡ። በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ደን ያለበት ቦታ አገኙ፤ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ መንገድ ተጠረገ። ስሙን አዲስ ዓለም አሉት። የአሮጌ ከተማ ፈላጊው ንጉሥ ይህን ቃል ከማን እንደለመዱት መገመት አያዳግትም። የፍልውኃዋ ከተማ ግን የ20 ዓመት ዕድሜ እንኳ ሳትሞላ ልትፈርስ ሆነ።

ያዳናት ማንም ብዙ ያልጠበቀበት ችግኝ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ከአውስትራሊያ የዘር ሐረጉ የሚመዘዝ አንድ ዛፍ ወደ አገሩ ገብቶ ነበር፤ ያስገቡት ሞንዶን ቪዳዬ የሚባሉ ፈረንሳዊ ናቸው ይባላል። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። መጀመሪያ የሙከራ ነገር ነበር። ዛፉ ግን እንደ ጽድና እንደ ወይራ የሰውን ዕድሜ አይጠይቅም፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገር ይደርሳል። ከዚህም የሚያስገርመው፣ ከጉቶው ሲቆርጡት እንደገና ያቆጠቁጣል። ቆርጠህ ጨረስከው ስትል ይመለሳል። ምኒልክ እንዲተከል አዘዙ፤ ከተማውም፣ ተራቁቶ የነበረው እንጦጦም በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። የውጭ መንግሥታት ተወካዮችም ሠርተው የጨረሱትን ቤት ጥለው መሄድ አልፈለጉም። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በኢትዮጵያ ታሪክ ድንኳን ነቅሎ መሄድ የቆመው ያኔ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቆየ። ያ ውኃ ከየት ነው የሚመጣው? አንዱ እሳተ ገሞራ ከሥር ያፈላዋል አለ፤ ሌላው ጠበል ነው ብሎ በዚያው ረካ። ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ የከርሰ ምድር ባለሙያዎች ጉድጓድ ቆፍረው፣ ውኃውን መርምረው፣ የመሬቱን ስንጥቅ ተከትለው መልሱን አገኙት። ውኃው ዝናብ ነው። ከከተማው በስተሰሜን ካለው ደጋ፣ ከእንጦጦ በኩል የዘነበው ዝናብ በዓለቱ መካከል ወደ ጥልቁ ይሰርጋል፤ እዚያ በምድር ሙቀት ይሞቃል፤ ከዚያ የፍልውኃ ስንጥቅ ብለው በሚጠሩት ሰባራ ዓለት በኩል ተገፍቶ ይወጣል። እቴጌይቱን ከእንጦጦ ያባረረው ዝናብ ከታች ሆኖ፣ ሞቆ ይጠብቃቸው ነበር ማለት ነው።

በውኃው ዙሪያ ያለው ሰፈር ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ይባላል። ከፍልውኃ ትንሽ ዳገት ሲወጡ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከሌላ ዘመን ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢንቺስ የተባለው መሥሪያ ቤት ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች። ካዛ ቤት ነው፤ ካዛ ኢንቺስ ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆነ። በ1888 ዓ.ም. የተሸነፈው አገር በ1928 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቶ፣ ከጣይቱ ምንጭ አጠገብ ቤት ሠርቶ፣ ስሙን ትቶ ሄደ። ከእነዚያ ቤቶችና በኋላ ከተጨመሩት አብዛኞቹ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈረሱ። ውኃውን ግን የሚያፈርሰው አልተገኘም፤ በሂልተን መዋኛ ገንዳ ውስጥ እንኳ ያለው ይኸው ፍል ውኃ ነው።

ስለ እመቤቲቱ መጨረሻ መናገር ይቀራል።

ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ሥልጣኑ በጣይቱ እጅ ገባ። መኳንንቱ ይህን አልወደዱትም፤ መጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጓቸው። ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ራስ ጉግሣን ከምኒልክ ልጅ ከዘውዲቱ ጋር ያጋቡት ሁለቱን ቤቶች ለማሰር ነበር፤ ጋብቻውም አላዳናቸውም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ዐረፉ። ጣይቱ ግቢውን ለቅቀው እንዲወጡ ተደረገ።

የተላኩት ወደ እንጦጦ ነው። አገሩን ሁሉ ከብርድ ያወረዱት ሴት፣ የመጨረሻ ዓመታታቸውን ብርዱ ውስጥ፣ እንጦጦ ማርያም አጠገብ አሳለፉ። ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ ወደ ጎንደር ሄደው እንዲቀመጡ ፈቃድ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው ተራራው ላይ ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ።

ዘውዲቱ ለአባታቸው በቤተ መንግሥቱ አጠገብ በዓታ ለማርያምን ካሠሩ በኋላ፣ የጣይቱም አጽም ከእንጦጦ ወርዶ ከምኒልክ ጎን ዐረፈ። ከመቃብራቸው እስከ ፍልውኃ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ መንገዱም ቁልቁለት ነው።